መርዶ እስኪደርስ

የሆስፒታሉ ጸሐፊ እናቴ ጋ ልትደውል ስልኩን ስታነሳ፣ እጄን በመስኮቷ አስገብቼ መልሼ አስቀመጥኩባት። እንዲህ ያለው ድፍረት ጠባዬ አይደለም ብል ዋሸሁ፤ ጠባዬ ነው። ልጅቱ ሺራን ትባላለች፣ ስሟ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ምን ልትያት ነው?» ስላት «ልጇ ማረፉን ነዋ» አለችኝ በዕብራይስጥ፤ «ኮምፒዩተሩ ላይ የቅርብ ዘመድ ተብላ መጀመሪያ የተጻፈችው እሷ ናት።» ክፋት አልነበራትም። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ስላደረች ዓይኗ ደም መስሏል፣ ሥራዋን ጨርሳ ቤቷ መግባት ነው የፈለገችው። ወንድሜ አለምነው ላይኛው ፎቅ አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል፤ ነፍሱ የወጣችው ንጋት ላይ ነው። እኔ ደግሞ አንዲት እንባ ሳላፈስ ወርጄ ከጸሐፊ ጋር ስልክ እጓተታለሁ።

መርዶን በዕብራይስጥ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? እኛ ዘንድ እናት የልጇን ሞት ብቻዋን ቆማ አትሰማም አልኳት። ትልቅ ሰው ይመጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በግራ በቀኟ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ነው የሚነገራት። ሺራን አንገቷን ነቀነቀች፣ የገባትም መሰለኝ። «እኔ አልደውልም፣ ይሁን። ግን ዛሬ ዓርብ ነው፤ ከሰንበት በፊት እንዲቀበር ከፈለጋችሁ ሞቱን አሁን ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት አለብኝ። ካስገባሁት ደግሞ ይሄዳል።» ወዴት ነው የሚሄደው ስላት «ሁሉም ጋ ነዋ» አለችኝ። «እንደ ድሮው መሰለሽ? ዘንድሮ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተያይዟል፤ እኔ እዚህ ስነካው እዚያ ይሰማል።» ካላስገባችው የቀብር ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ወንድሜ እስከ እሑድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊሰነብት ነው። «አስገቢው» አልኳት። በአንዲት ጣቷ ነካችው፣ አለቀ። የሃምሳ አራት ዓመት ሰው በአንዲት ጣት።

ውጭ ወጥቼ ልጄ ኖፋር ጋ ደወልኩ። ኖፋር ቴል አቪቭ ነው የምትሠራው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት አንዱን ሲስተም ከሌላው ጋር እንዲግባባ ማድረግ ትላለች፤ እኔ ለሰው ሳወራ አስተርጓሚ ናት ብዬ እገላገላለሁ። ለፋሲካ መጥታ ለአያቷ ስልክ ላይ አንድ ነገር ጫነችላት። የጤና መድኑ የኩፓት ኾሊሙም፣ የጡረታውም፣ የቤት ውስጥ እርዳታ ድርጅቱም መልእክት አንድ ቦታ ይመጣና በአማርኛ ጮክ ብሎ ይነበብላታል። ድምፁ የሴት ነው፣ የአዲሳባ ልጅ ትመስላለች፣ ትሕትናዋ አንጀት ይበላል። እናቴ ጌጤ ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማትችል ድሮ እያንዳንዱን ደብዳቤ አለምነው ከፋብሪካ እስኪገባ ጠብቃ ነበር የምታስነብበው። አሁን «ልጅቱ ነገረችኝ» ትላለች። ሰው ማስቸገር ቀረልኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ትኩራራበታለች።

ኖፋር መጀመሪያ አለቀሰች፤ አጎቷን ትወደው ነበር። ከዚያ ለቅሶዋን አቋርጣ «ኢማ፣ ሳቭታ ሰምታለች?» አለችኝ፤ እኔን ኢማ፣ አያቷን ሳቭታ ነው የምትለን፣ በዕብራይስጥ። አልሰማችም፣ ማንም አልነገራትም ስላት ነገሩን አስረዳችኝ። አለምነው ከእናቴ ጋር ስለሚኖር እሷን የሚንከባከብ ተብሎ በእርዳታ ድርጅቱ ተመዝግቧል። ሞቱ አንድ ቦታ ከተጻፈ ድርጅቱ ይደርሰዋል፣ ድርጅቱ ደግሞ ወዲያው ለእናቴ ይጽፍላታል። «ምን ብሎ?» አልኳት። ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ ስጨቀጭቃት ነው የተናገረችው። ተንከባካቢዎ አቶ እከሌ በሞት ስለተለዩ አገልግሎቱ ተቋርጧል፣ ሐዘንዎን እንካፈላለን፣ ሌላ ተንከባካቢ ለመምረጥ አንድን ይጫኑ። ይኸው ነው። የኔን እናት ልጅ በሞት ገድለው ሌላ ምረጪ ሊሏት ነው። «ከዚያው ሆነሽ አጥፊዋ» አልኳት። ከሩቅ ለማጥፋት ኮድ ያስፈልጋል አለች፤ ኮዱ የሚመጣው እናቴ ስልክ ላይ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። «በፊት እኮ ይሄ ሁሉ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፣ ኢማ። እንዲፈጥን ብለን ነው።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር። ይሄውና ወረቀቱ ቀርቶ መያዝ የሚባል ነገር የማያውቅ መጣብን። «ቶሎ ሂጂና ስልኩን ውሰጂባት» አለችኝ። እሷም በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ አለች።

ቀጥዬ የደወልኩት ለጋሼ ባየ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ሌላ ከተማ፣ ቤር ሼቫ ይኖራል። አባታችን ሲሞትም፣ ታላቅ እህቷ ስታርፍም ለእናቴ መርዶ የነገራት እሱ ነው፤ እሱ ካልነገራት ነገሩ እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው። ብዙ አልጠየቀኝም። «እኔ ሳልመጣ ማንም ደጇን እንዳይረግጥ። ሰው ሰብስቢ፣ እኔ የልጅ ልጄን ቀስቅሼ እመጣለሁ» አለ። ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ፍጠንልን ስለው ተቆጣ። «መርዶ በማለዳ ነበር ወጉ፤ ይሄ አገር ሬሳውም ይቸኩላል» ብሎ ዘጋው።

አውቶቡስ ጣቢያው ዓርብ ዓርብ ይጨናነቃል። ወታደሩ ሁሉ ቦርሳውን ተሸክሞ ወደ እናቱ ይገባል፣ ወጣቱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ማሪና ይሄዳል፣ አበባ ሻጩ ይጮኻል። እኔ ለዘመድ ሁሉ ደውዬ እንደጨረስኩ እዚያ መሐል ቆሜ ምን አስመስዬ እናቴ ቤት እንደምገባ አስባለሁ። ሐሙስ ማታ ሁልጊዜ አጋሚም ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ዘንድ አድራለሁ፣ ሥራዬ ነው። ትናንትም እዚያው ነበርኩ፤ የወንድሜ ነርስ በሌሊት ስትደውልልኝ የአሮጊቷን ልጅ ጠርቼ፣ አስረክቤ ነው የሄድኩት። እናቴ ይህን አታውቅም። ዓርብ ጧት ደግሞ ከሥራ ስመለስ ገበያ ገብቼ አትክልት ይዤላት ካልሄድኩ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ገባሁ። ወንድሜ ሞቶ ቲማቲም መረጥኩ፤ ጠንካራውን ከላላው እየለየሁ፣ ሻጩ እንዳትጨምቂ እያለ እየጮኸብኝ። ከዚያ በገበያው ቧንቧ ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ።

እናቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ሊፍት የሌለው አሮጌ ሕንፃ። በሩ ክፍት ነበር፣ እሷ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። የሰንበቱ ምግብ ማሞቂያ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል፣ ሶፋው በአዲስ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ የአለምነው ሸሚዝ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። ያን ሸሚዝ ሳይ ልመለስ ቃጣኝ። «ከሥራ ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ከሥራ ነው፣ እምዬ።» ጉንጯን ሳምኳት፤ በሽንኩርቱ ዓይኗ ረጥቧል። ስልኩ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው፣ ቅርጹ ይታየኛል። የኔ ባትሪ አልቆብኛል፣ እስቲ ያንቺን ልዋስሽ አልኳት። አውጥታ ሰጠችኝ። ጠፍቷል፣ ጥቁር ነው። «የኔም ጧት ዘግቶብኛል፤ ሰንበት ሊገባ አይደል፣ ተይው ይረፍ» አለችና መልሳ ተቀብላኝ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠችው። አምላክ ሰማኝ አልኩ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፤ በዚያ ቀን ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ኮምፒዩተር ያሸነፈው ያልተሞላ ባትሪ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

አሁን የቀረኝ ጋሼ ባየ እስኪደርስ ማቆየት ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው እህል መቅመስ አለበት፤ ከሰማ በኋላ ስንት ቀን እንደማይበላ ማን ያውቃል። ስለዚህ እንጀራውን አቀረብኩና ብዪ እምዬ፣ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም አልኳት። ሌላ ቀን ብትሆን ገና ጧት ነው ብላ ትከራከረኝ ነበር። ዛሬ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። እንዲያውም «አንቺ ብዪ፣ ሌሊቱን ስትሠሪ ያደርሽ ነሽ» እያለች ወጡን ወደኔ ትገፋልኛለች። እኔ መልሼ ወደሷ እገፋለሁ። አንድ እኔ ስጎርስ አንድ እሷ ትጎርሳለች፤ እያንዳንዱን ጉርሻ በውሃ አወርደዋለሁ። ቲማቲሙን ስንት ገዛሽው አለችኝ። አሥራ ሁለት ሼቄል አልኳት። ሌቦች አለች። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። «ትንሽ ጋደም በዪ» አለችኝ፤ እንቅልፍ የለኝም አልኳት። ስለ አለምነው አልጠየቀችኝም። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ እንዴት አደረ ሳትል ሰላምታዬን እንኳ አትመልስልኝም ነበር። እኔ ግን እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ስለነበር፣ ዝም ስትለኝ ተመስገን አልኩ እንጂ ለምን አላልኩም። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው፤ የወደደውን ብቻ ያያል።

በረንዳ ላይ ሸሚዙን ላስገባ ብዬ ወጥቼ ታች አየሁ። የመኪና ማቆሚያው ሞልቷል። የኛ ሰዎች ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ጥላ ጥላውን ይዘው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን በሱፐርማርኬት ፌስታል ደብቀው፣ ወንዶቹ ሲጋራ እንደሚያጨስ ሰው ግድግዳ ተደግፈው። እናቴ በመስኮት እንዳታያቸው መደበቃቸው ነው። እንዲያ ሆነው ከሩቅ ለሚያያቸው ባንክ ሊዘርፉ የመጡ ይመስላሉ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ኦሽራት ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው፣ የሞሮኮ ሰው፣ ጥሩ ጎረቤት፣ ድምፅ መቀነስ ግን አልፈጠረባትም። «ሸጌ፣ ሠርግ አለ እንዴ? ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ ስሜን እየጠራች ስትጀምር ገፍቼ ወደ ደረጃው አወጣኋትና በጆሮዋ ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። እናቴ ከውስጥ «ማን ነው?» አለች። ስኳር ቸግሯት ኦሽራት ናት አልኩ። «ታዲያ ምን ያቆማታል፣ ስጫት እንጂ» አለች። ገብቼ አንድ ኩባያ ስኳር ቀድቼ ሰጠኋት። ኦሽራት ስኳሯን ይዛ እያለቀሰች ወረደች፤ ከዚያ ስኳሩን እንደያዘች ለለቀስተኛው ከየጎረቤቱ ወንበር መልቀም ጀመረች።

ጋሼ ባየ የደረሰው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። የእግሩን አካሄድ ከደረጃው አወቅሁት፣ በየፎቁ ያርፋል። ከኋላው ሰዎቹ፣ ከባቡር የደረሰችው ኖፋርም፣ ዝም ብለው ይከተላሉ፤ ያን ያህል ሰው ያን ያህል ዝም ብሎ ሲወጣ አስፈሪ ነው። እናቴ እጇን በሽርጧ አደረቀችና ወጥታ በሩ ፊት ቆመች። ሰላምታው ረጅም ነበር። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ፣ ልጆች፣ ጤና፣ ጉልበትህ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁሉም ተቀመጠ። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኟ፣ እኔ አጠገቧ። ጋሼ ባየ ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው። «ጌጤ እህቴ» አላት። «አቤት ወንድሜ» አለችው። «ሁላችንም ለመሄድ ነው የመጣነው። ቀድሞ የመጣ ሁሉ ግን ቀድሞ አይሄድም። አለምነው ቀደመን።»

ቤቱ በለቅሶ ተነሣ። እናቴ «አለሜን፣ አለሜን» ብላ ደረቷን ስትደቃ ሴቶቹ እጇን ያዙ፤ ነጠላው ሁሉ ከፌስታል ወጣ። እኔም ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። ሌሊቱም፣ ሆስፒታሉም፣ ቲማቲሙም አንድ ላይ ወጣልኝ። እያለቀስኩ ግን በሆዴ አንድ ነገር ጸጥ ብሎልኛል፤ በወጉ ሰማች። ከሰው ሰማች፣ በላች፣ ተደግፋ ሰማች። ይችን ታህል ለወንድሜ አደረግሁለት አልኩ።

ቀብሩ ተጣደፈ። ቀባሪዎቹ ሰንበት ሳይገባ ሌላም ይጠብቃቸው ነበርና ጸሎቱን ሳንጠግበው አለቀ። ስንመለስ ኦሽራት ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ምስር አሰናድታ ቆየችን፤ ሰዉ ደግሞ ሰንበት ገብቶ አውቶቡስ ሳይቆም ልድረስ እያለ በየተራ እየተሰናበተ ሄደ። ጋሼ ባየ በልጅ ልጁ ተደግፎ ሲወርድ «ደህና ነገርናት» አለኝ። ደህና ነገርካት ጋሼ፣ እድሜ ይስጥህ አልኩት።

ተመልሼ ስገባ ኖፋር ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የአያቷን ስልክ ከማቀዝቀዣው ላይ አውርዳ ያን መልእክት ሳይሰማ ልታጠፋው ነበር የከፈተችው። ፊቷ አመድ መስሏል። «ኢማ፣ ባትሪው ሙሉ ነው» አለችኝ። አልገባኝም። «ባትሪው ሙሉ ነው። በእጅ ነው የተዘጋው። መልእክቱ ጧት መጥቷል፤ አንቺ ሳትመጪ ተከፍቷል። ሁለት ጊዜ ተሰምቷል።» ማያ ገጹን አዞረችልኝ፣ እኔ ግን ማንበብ አላስፈለገኝም። እግዜር ያሳያችሁ፤ ያ ነገር ያን ድምፅ እንዲያ አለስልሶ ሌላ ይምረጡ ሲላት፣ አጠገቧ አንድ ሰው የለ።

ኖፋርን ማን ያዛት። ሄዳ እናቴ እግር ሥር ተንበረከከችና «ሳቭታ፣ ስሊኻ፣ ይቅር በዪኝ፣ እኔ ነኝ የጫንኩልሽ፣ እኔ ነኝ» እያለች ታለቅስ ጀመር። እናቴ ዝቅተኛው የሐዘን ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው። የልጅቱን ፀጉር ወደኋላ መለሰችላት። «አንቺ ምን አጠፋሽ» አለቻት። «ያቺም ልጅ አላጠፋችም፣ በትሕትና ነው የነገረችኝ። ነግራኝ ስታበቃ ግን ዝም አለች። ምናልባት ተሳስታ ይሆናል ብዬ እንደገና ነካሁት፤ ያንኑ ደገመችው። ዘጋኋት።»

«ታዲያ ለምን አልጮኽሽም? ለምን ለጎረቤት አልተናገርሽም?» አለች ኖፋር።

«ባየ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በደካማ ጉልበቱ መርዶ ተሸክሞ ከቤር ሼቫ ሲመጣ፣ ደጄ ላይ ሰምቻለሁ ብዬ ልመልሰው?»

እኔ ተናደድኩ። በሐዘን ቀን እናት ላይ መናደድ ነውር ነው፣ ግን ተናደድኩ። እኔስ እምዬ አልኳት። ከማንም በፊት የገባሁት እኔ ነበርኩ እኮ፤ ስንት ሰዓት ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ፣ እንዴት ብቻሽን ትቃጠያለሽ? ለኔ ማልቀስ አትችዪም ነበር? ቀና ብላ አየችኝ፤ የምጠይቀው ነገር የገረማት መሰለኝ።

«አንቺማ ከሥራ ነው የመጣሁት አልሽኝ» አለች። «አትክልትሽን ይዘሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ገባሽ። ይቺ ልጅ አልሰማችም አልኩ። አንድ ወንድምሽን ብቻዬን፣ ወጥ ቤት አቁሜ ላርዳሽ? እህል በአፍሽ ይግባ፣ ባየ ይድረስ፣ ሰው ይሙላ፣ ከዚያ ትስማ ብዬ ነው የያዝኩት። ባየ አፉን ሲከፍት እንኳ እሱን አልነበረም የማየው። እንዳትወድቂብኝ አንቺን ነበር።»

ልወድቅ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ኖፋር ተነሥታ በብብቴ ያዘችኝ፣ ከእናቴ ጎን ወለሉ ላይ አስቀመጠችኝ።